በሻይ የተነከረው ባንዲራ

ሃድሪል፣ ደቡብ ካሮላይና
ረቡዕ፣ ጁላይ 1 ቀን 2015

ውድ አክስቴ ኦዜላ፣

ነገሩ የተበላሸው ሰኞ ምሽት፣ የካውንቲው ምክር ቤት ሰብሳቢ መነጽሩን አስተካክሎ «ፈራሚ፦ ላትሪስ ፕሬሎ፣ የጥንት ጨርቆች ጥገና ባለሙያ» ብሎ ባነበበባት ቅጽበት ነው። ስሙ የእኔ ነው። ፊርማውም የእኔ ነው። ከፊርማው በላይ የነበረው ጽሑፍ ግን የእኔ አልነበረም።

ሰላምታ ሳላስቀድም በመጀመሬ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? በስልክ እንዳልነግርሽ፣ ሠላሳ ዓመት የመኪና ወንበር ስትሰፊ የኖርሽበት ፋብሪካ ጆሮሽን ወስዶታል፤ የምነግርሽን ግማሹን አትሰሚም፣ ሌላውን ግማሽ የሰማሽ ታስመስያለሽ። ወሬው በአንድ ቀን ዲትሮይት መድረሱ ግን ገርሞኛል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ከፖስታ ቤት ይፈጥናሉ።

በጎረቤትሽ ስልክ ላስላክሽው ጥያቄ መልሱ ይኸውልሽ፦ አዎ፣ ተቆጥቻለሁ። አይ፣ አልተሳደብኩም። ማለቴ፣ አዳራሹ ውስጥ አልተሳደብኩም።

ወደዚህ ሥራ ያመጣኝ ጉንዳን እንደሆነ ታውቂያለሽ። በፍርድ ቤቱ ትልቁ ችሎት፣ ከዳኛው ወንበር ጀርባ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያለውን፣ ባርነት እንዳይቀር የተዋጉት ደቡቦች የያዙትን የኮንፌደሬት ባንዲራ ሙቀት በገባ ቁጥር ጉንዳን ይወረዋል። ሙዚየሙ እንዳጸዳው ቀጠረኝ። ቻርልስተን ላይ ዘጠኙ ሰዎቻችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በዚህ ባንዲራ በሚኮራ ነጭ ወጣት ከተገደሉ በኋላ ደግሞ ፓስተራችን ባንዲራው ከችሎቱ ይነሳ ብሎ አቤት አለ። የካውንቲው ደንብ ግን ከእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን የቀረ ቅርስ ከቦታው አይነካም ይላል። ስለዚህ ምክር ቤቱ ሙዚየሙን «ይህ ባንዲራ በእርግጥ የጦርነቱ ዘመን ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ መልሱን የምጽፈው እኔ ሆንኩ።

ጻፍኩ። የተሰፋበት ክር ጨርቅ የምመረምርበት ሐምራዊ መብራት ሲበራበት እንደ ወተት ያበራል፤ እንዲህ የሚያበራ ክር የተሠራው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ነው። ቡናማው እድፍ ደም ነው ሲሉ ኖረዋል፤ መረመርኩት፣ ሻይ ነው። ስኳር ያለበት ሻይ! ጉንዳኖቹ ከእኔ ቀድመው ያውቁ ነበር። የዘምዘማው ስፌት ደግሞ ወደ ተቃራኒ ያዘነብላል፤ የሰፋው ሰው ግራኝ ነው። «ባንዲራው ከ1945 በኋላ የተሠራ ነው» ብዬ ፈረምኩ።

ሰብሳቢው ያነበበው «ያለ ጥርጥር የጦርነቱ ዘመን ነው» የሚል ነበር። ተነሳሁ።

«ይቅርታ፣ ያነበቡት የእኔ ጽሑፍ አይደለም።»

«ወይዘሪት፣ ተራዎ ሲደርስ ይናገራሉ።»

«ስሜ ሲነበብ ተራዬ ደርሷል።»

ከኋላ አንዱ «ቁጭ በይ! ያስተማሩሽ እንድታዋርጂን ነው እንዴ?» አለ። በእኛ በኩል ደግሞ አንዲት ባልቴት «ተናገሪ ልጄ፣ ወንበሩ የትም አይሄድም!» አሉ። የሙዚየሙ ኃላፊ ሚስተር ሃምሪክ በማግስቱ ጠዋት ቁልፌን ተቀበለኝ። «ትንሽ አቃናሁት እንጂ አልለወጥኩትም» አለኝ። ያኔ ነው የተሳደብኩት፤ «ከባንዲራው ቀጥሎ በዚህ ካውንቲ ሁለተኛው ሐሰተኛ ዕቃ እርስዎ ነዎት» አልኩት። ይህም ስድብ ከሆነ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፤ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ። አንቺ በ1961 እዚሁ ነበርሽ አይደል?

ዕድሜ ይስጥልኝ፣
ትሪስ


ዲትሮይት
ሰኞ፣ ጁላይ 6

ለምወድሽ ልጄ ለትሪስ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ ሁለቴ አነበብኩት፣ አንዴ ቆሜ፣ አንዴ ተቀምጬ። ጉልበቴ እንደ ሁልጊዜው ከእኔ በፊት ዝናብ ያውቃል። ቲማቲሜ በረንዳው ላይ ደርሷል፤ ሽኮኮ እየሰረቀኝ ነው። የነጻነት በዓል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ዓሣ ጠበስን። ዲያቆን ቴሮን አሁንም እያየኝ ነው፤ እንግዲህ ምን ላድርግ፣ ዓይን አለው።

ምን እየበላሽ ነው? ስትናደጂ እንደማትበይ አውቃለሁ፤ እናትሽም እንደዚያው ነበረች። ነፍሷን ይማር፣ በባዶ ሆዷ ስትቆጣ ጎረቤት ይሸሽ ነበር።

ስለ ሚስተር ሃምሪክ፣ ሰውዬው አጥፍቷል። ግን ልጄ፣ ያንን ከተማ አውቀዋለሁ። ዕቃሽን ሰብስቢና ነይ። እዚህ ሙዚየም ሞልቷል፤ ሁሉም የሚጠገን ጨርቅ አለው። ያ ባንዲራ ተሰቀለም አልተሰቀለም አንቺን ምን ያደርግልሻል?

ስለ ግራኝ የጻፍሽው፣ ብዙ ሰው ግራኝ ነው።

ስለ 1961 ደግሞ፣ ልጅ ነበርኩ። ልጅ ምን ያውቃል?

የኮክ ማርማላታ ልኬልሻለሁ፤ ሁለት ጠርሙስ። አንዱ ከተሰበረ የፖስታ ቤቱ ጥፋት ነው፤ እኔ በደንብ ጠቅልየዋለሁ።

አክስትሽ ኦዜላ


ሃድሪል
ቅዳሜ፣ ጁላይ 11

ውድ አክስቴ፣

ሐሙስ ዕለት የላክሁልሽ ደብዳቤ ከዚህኛው ቀድሞ ከደረሰሽ፣ እባክሽ ቅደጂው። «ሸሽተሽ ኖረሽ እኔንም ሽሺ ትይኛለሽ» ብዬ የጻፍኩት በባዶ ሆዴ ነው። ማርማላታው ያን ዕለት ገና አልደረሰም ነበር። አሁን ደርሷል፤ ሁለቱም ጠርሙስ ደህና ነው፣ አንዱን ጨርሼዋለሁ፣ ይቅርታም የምጠይቀው በሙሉ ሆዴ ነው።

ትናንት ኮሎምቢያ ላይ የኮንፌደሬቱን ባንዲራ ከክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ግቢ ሲያወርዱት በቴሌቪዥን አይተሽ ይሆናል። እዚህ ሰፈራችን ጎረቤቱ ሁሉ አንድ ቤት ተሰብስቦ አየ። ሰው አለቀሰ፣ ተቃቀፈ። ከዚያ ደጃፍ ላይ ወጥተን ስንቆም ፓስተራችን «የእኛው ግን መስታወት ውስጥ ነው፤ ነፋስም አይነካው» አለ። እውነቱን ነው። ሰኞ ጠዋት አንድ የእኛ ልጅ ዳኛው ፊት ሲቆም ከዳኛው ራስ በላይ የሚያየው ያንን ነው።

ሚስተር ሃምሪክ ቤቴ መጥቶ ነበር። በረንዳው ላይ ቆሞ ባርኔጣውን ያሽከረክራል።

«ላትሪስ፣ አዲስ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። ‹ዕድሜውን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም› ይላል። ፈርሚና ሰኞ ሥራሽ ላይ ትገቢያለሽ።»

«ይቻላል እኮ። ተናግሬያለሁ።»

«አንቺ ወጣት ነሽ። እኔ ከእነዚህ ሰዎች ጋር እሑድ እሑድ ምሳ እበላለሁ።»

«ታዲያ ምሳ ቤትዎን ይቀይሩ።»

እንዲህ ብዬ መለስኩት። አሁን ደግሞ ባንዲራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ እያለ ነው፤ ሻዩን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ! ባንዲራውን የሚጠብቀው የቅርስ ማኅበር ሴቶች ሊቀመንበር ሚስ ኮርኔሊያ ቴናንት በከተማው ጋዜጣ ላይ «እናቴ በሕይወቷ ሙሉ በገዛ እጇ የጠበቀችውን ቅርስ» ብላ ጽፋለች። ሴትዮዋን ገበያ ላይ አገኘኋት። ሰላም አለችኝና ቀጥላ «ፕሬሎ... የኦዜላ ምን ነሽ?» አለችኝ። የእህቷ ልጅ ነኝ አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ፤ የያዘችውን ሐብሐብ መልሳ አስቀምጣ ሄደች።

አክስቴ፣ ደብዳቤዎችሽን ሁሉ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኳቸው። ፊደልሽ ሁሉ ወደ ግራ ነው የሚያዘነብለው። ልጅ ሳለሁ የሰፋሽልኝን ቀሚስ ገልብጬ በማጉያ መስታወት አየሁት። ይህን ስፌት ባንዲራው ላይ ሁለት ወር ሙሉ ሳየው ከርሜያለሁ። ምክር ቤቱ ኦገስት 3 ቀን እንደገና ይሰበሰባል፣ ምስክር ያለው ይምጣ ብሏል። ያኔ ያስቀረሁት ጥያቄ ምን እንደሆነ አሁን ታውቂዋለሽ። አልጽፈውም። አንቺ መልሽው።

የአንቺው፣
ትሪስ


ዲትሮይት
ሐሙስ፣ ጁላይ 16

ልጄ፣

የሐሙሱን ደብዳቤ አልቀደድኩትም። ያለሽው እውነት ስለሆነ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀመጥኩት።

አዎ፣ እኔ ነኝ።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ወይዘሮ ቴናንት ቤት እሠራ ነበር። ጦርነቱ የተጀመረበት መቶኛ ዓመት በኤፕሪል ሊከበር ነው፣ ባንዲራው በሰልፉ ፊት ሊያዝ ነው። ወይዘሮዋ ከእሳቸው በቀር ማንም እንደማይነካው ለማኅበሩ ምለዋል። ቤት አመጡትና «ተኩሺው» አሉኝ። መሐላውን የጠበቁት በእኔ እጅ ነው።

እየተኮስኩ ደወል ተደወለ። በዚያ ቤት ደወል ሲደወል የያዝሽውን ትተሽ ትሮጫለሽ፣ በር ላይ ትቆሚያለሽ፣ እስኪያናግሩሽ ድረስ አፍ አትከፍቺም። «እሜቴ፣ ካውያ ትቼ መጣሁ» አይባልም። እሳቸው ስልክ እያወሩ ነበር። ሳልጠራ የመጣሁ ይመስል አዩኝ። እኔ ቆምኩ። አወሩ፣ ሳቁ፣ አወሩ። እኔ ቆምኩ። ልጃቸው ኮርኔሊያ መጥታ «እማዬ፣ የሚያርር ነገር ይሸታል» እስክትል ድረስ ቆምኩ። ካውያውን ለምን ቀና አድርጌ አላቆምኩትም? ይህን ሃምሳ አራት ዓመት ራሴን ጠይቄያለሁ።

ወይዘሮዋ አልጮሁም። የተቃጠለውን አዩና «ኦዜላ፣ መስፋት ትችያለሽ አይደል?» አሉኝ። መጋረጃው ተዘጋ። ቀዩ ከሟች እናታቸው የሱፍ ካፖርት ነው። ሁለት ቀን አዲስ ባንዲራ ሰፋሁ። መርፌው ላይ ክር የምታስገባልኝ ኮርኔሊያ ነበረች፤ ዘጠኝ ዓመቷ፣ ጥሩ ዓይን ነበራት። አሮጌ እንዲመስል በሻይ ንከሪው ተባልኩ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ትልቁ ጆክ ላይ ጠዋት ስኳር ጨምሬበት ነበር። በዚያ አገር ስኳር የሌለው ሻይ ማን አይቶ ያውቃል? ስለ ጉንዳኖቹ ስትጽፊልኝ በመጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ያረረውን ምድጃ ውስጥ ክተቺው አሉኝ። ቤት ወስጄ ለእናቴ ለሎቲ ሰጠኋት። እናቴ ጨርቅ አታቃጥልም ነበር፤ ብርድ ልብስ እየሰፋች ስለነበር ገበሩና ፊቱ መሃል ከተተችው። እናትሽ ያደገችበት፣ አንቺም ያደግሽበት ብርድ ልብስ ነው። የት እንዳለ አላውቅም።

አሁን የሸሸሁበትን ልንገርሽ። በ1963 ወንድሜ ሩፈስ ነጮች ብቻ የሚስተናገዱበት ምግብ ቤት ውስጥ ስለተቀመጠ ያዙት። ችሎቱን ጥቁሮች ከሚቀመጡበት ከላይኛው ሰገነት ሆኜ አየሁ። ዳኛው የስድስት ወር የመንገድ ሥራ እስራት ሲፈርድበት እኔ የማየው ባንዲራውን ነበር። ሦስተኛዋ ኮከብ ጠማማ ናት፤ ሲመሽና ዓይኔ ሲደክም የሰፋኋት ናት። ወንድሜ በእኔ ስፌት ሥር ተፈረደበት። ሲወጣ ወገቡ ቀና ብሎ አያውቅም። ለእሱም ሳልነግረው ሞተ።

ልጄ፣ ስሜን አታንሺ። ሌላውን ሁሉ አንሺ። ይህን ብቻ እለምንሻለሁ።

ኦዜላ


ሃድሪል
ሰኞ፣ ጁላይ 20

አክስቴዋ፣ የእኔ ግራኝ፣

አላነሳም። ቃል ገብቻለሁ፤ የእኔን ቃል ማንም አያቃናውም።

ብርድ ልብሱ እኔ ጋ ነው። የት እንዳለ አላውቅም ስትይ ሳቄ መጣ፤ ዩኒቨርሲቲ ስገባ የሰጠሽኝ አንቺ ነሽ! ስድስት ዓመት ስለ አሮጌ ጨርቅ ስማር፣ ፈተና ላይ ስለ ጦርነቱ ባንዲራዎች ስጽፍ፣ ማታ ማታ እግሬን ጠቅልዬ የተኛሁት በእሱ ነው። ትናንት መስኮቱ ላይ ወጥሬ ብርሃን አሳለፍኩበት። ከሎቲ ሰማያዊና ቢጫ ቁርጥራጮች በስተጀርባ የኮከብ ጥላ ይታያል። የካውያውም ጫፍ ቅርጽ ይታያል፤ ትንሽ፣ እንደ ጀልባ።

አንዱን ስፌት ብፈታው ማስረጃዬ ሙሉ ነው። እጄ መቀሱ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አሰብኩት፦ «ይኸው የተሰቀለው ሐሰተኛ ነው፣ እውነተኛው ይኸውላችሁ» ብላቸው ምን ያደርጋሉ? አመስግነው እውነተኛውን ይሰቅሉታል። ደንቡም ይጠብቅላቸዋል። ስለዚህ መቀሱን መለስኩ። ኦገስት 3 ቀን በክሩና በሻዩ ብቻ እሟገታለሁ። እሸነፍ ይሆናል። ቢሆንም የተናገርኩትን ደግሜ እናገራለሁ።

ሌላ ደግሞ ልንገርሽ። በደብዳቤሽ «እኔ ነኝ» ያልሽበት መስመር ላይ ቀለሙ ፈሷል። አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር። ካውያውን ትተሽ እንድትሮጪ ያስተማረሽ ቤት ነው ባንዲራውን ያቃጠለው። ሩፈስም ቢያውቅ የሚልሽን አውቃለሁ፤ አንቺ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ፣ ሁሉን ነገር በቀልድ ነበር የሚጀምረው አይደል? «ኦዜላ፣ ኮከቧን እንኳ ቀጥ አድርገሽ ብትሰፊያት ምናለ!» ነበር የሚልሽ።

ዲያቆን ቴሮንን ሰላም በይልኝ። ዓይን አለው ብለሻል፣ ጆሮም ካለው ላንቺ ይበቃል።

በጣም የምወድሽ፣
ትሪስ


ዲትሮይት
ቅዳሜ፣ ጁላይ 25

ትሪስ፣

አውቶቡሱ እሑድ ኦገስት 2 ቀን፣ ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል። ለጉልበቴ ትራስ ያዢልኝ።

እንዳትጽፊልኝ፤ ሐሳቤን ታስቀይሪኛለሽ። ስለ ሩፈስ የጻፍሽውን ሳነብ ድምፁን ሰማሁት። ይህ ጆሮ ከሃያ ዓመት ወዲህ ደህና አድርጎ የሰማው ነገር ቢኖር እሱን ብቻ ነው።

ሰማያዊውን ቀሚሴን ለብሳለሁ። በዚያ ፍርድ ቤት የፊት በር ገብቼ አላውቅም፤ ለእኛ የጎን በር ነበር። እንድትደግፊኝ አልፈልግም። ከኋላዬ ብቻ ሁኚ።

አክስትሽ


ሃድሪል
እሑድ፣ ኦገስት 9

ውድ አክስቴ ኦዜላ፣

በሰላም መግባትሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ቲማቲሙን ሽኮኮ እንደጨረሰው ግን አዝኛለሁ። ዲያቆን ቴሮን በረንዳሽን ሲጠብቅልሽ የሰነበተ መስሎኝ ነበር፤ እሱም ዓይኑ ደክሟል ማለት ነው።

ምክር ቤቱ በተሰበሰበበት ትልቁ ችሎት ውስጥ የተባለውን ሁሉ እንድጽፍልሽ ጠይቀሽኛል፤ የአፋቸውን እንቅስቃሴ እንጂ ቃሉን አልሰማሁትም ብለሻል። እሺ። አንቺ ያልሽውን አንቺ ታውቂያለሽ፤ የቀረውን ልንገርሽ።

ደረጃው ላይ ስትደርሺ፣ ትልቁ በር ፊት ቆም ያልሽ ጊዜ፣ የጥበቃው ሰውዬ «እማማ፣ በጎን በኩል ለዊልቸር የሚሆን መግቢያ አለ» ነበር ያለሽ። ለደግነት ነው። አንቺ ስላልሰማሽው ቀጥ ብለሽ ገባሽ። ደስ አለኝ።

ከምክር ቤቱ አባላት ያ ቀይ ክራቫት ያሰረው «ወይዘሮ፣ ከሃምሳ አራት ዓመት በፊት ሰፋሁ ያሉትን ጨርቅ ዛሬ በምን ያውቁታል?» ሲልሽ ጥያቄውን አልሰማሽም አይደል? ግን «ሦስተኛዋ ኮከብ ጠማማ ናት፣ ቀዩም የሴት ካፖርት ነው፣ የኪሱን ቦታ ፈልጉት» ስትይ ለጥያቄው የተሻለ መልስ አልነበረም። ሁሉም አንገቱን ወደ መስታወቱ አሰገገ። የኪሱን ስፌት መስመር ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሳይቀር አየው። አንዱ «ሁለት ወር መርምራ ኪሱ አመለጣት» ብሎ ሳቀብኝ። አምልጦኛል! አክስቴ፣ ይህን ለማንም አትንገሪ።

ከዚያ ቃልሽን እንድትፈርሚ ብዕር ሰጡሽ፤ በግራ እጅሽ ተቀበልሽው። የእኛ ሰዎች አጨበጨቡ። ለምን እንዳጨበጨቡ ስትጠይቂኝ በኋላ እነግርሻለሁ ያልኩሽ ይህን ነው።

አሁን ደግሞ ሚስ ኮርኔሊያ። ከማኅበሩ ሴቶች መሃል ተነስታ ምን እንዳለች ጠይቀሻል። «እሷ ናት። ክሩን መርፌው ላይ ያስገባሁላት እኔ ነኝ» ነው ያለችው። አጠገቧ ያለችው ሴት እጇን ስባ ልታስቀምጣት ስትሞክር «ተዪኝ ኢውላ፣ ሃምሳ ዓመት ተቀምጫለሁ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ነው ድምፅ የሰጡት፤ አምስት ለሁለት። ይወርዳል።

ስንወጣ መተላለፊያው ላይ እጅሽን ይዛ ያናገረችሽን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩሽም። አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ልነግርሽ ነበር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰው መሃል የምጮኸው ነገር ስላልሆነ ተውኩት። አንቺ ስንብት መስሎሽ «አንቺም ደህና ሁኚ» አልሻት። ያለችሽ እንዲህ ነው፦

«ደወሉን የደወልኩት እኔ ነኝ። እማዬ አልጠራችሽም። ስልክ ላይ ስለነበረች ለጨዋታ ደወልኩት፤ ስትሮጪ ለማየት ብዬ። ከዚያ ፈራሁ።»

ወይዘሮዋ ሳልጠራ የመጣሁ ይመስል አዩኝ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ሳትጠሪ ነበራ የመጣሽው። ሃምሳ አራት ዓመት ሙሉ ካውያውን ለምን ቀና አድርጌ አላቆምኩትም ያልሽው፣ የአንድ ሕፃን ጨዋታ ነው። ይህን ወረቀት አስቀምጪና ትንሽ ተቀመጪ። አልቅሺም፣ ሳቂም፣ እንደ ፈለግሽ። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። ለኮርኔሊያ ምን እንደምትመልሺ የአንቺ ጉዳይ ነው። «አንቺም ደህና ሁኚ» ያልሻትን ምሕረት አድርጋ ወስዳው ከሆነ፣ እኔ አላረምኳትም።

ስለ ብርድ ልብሱ፣ «ምን ልታደርጊበት ነው?» ላልሽኝ፦ እተኛበታለሁ። በኦገስት ሙቀት ለእሱ ስል ሁለት ማራገቢያ ከፍቻለሁ። እናትሽ ሎቲ ባንዲራውን በዚህ ካውንቲ ማንም ያላሰበው ቦታ አስቀምጣዋለች፤ ሕፃን የሚሞቅበት ቦታ። ጥያቄ ያለው ሰው በፊት በር አንኳኩቶ የብርድ ልብሱን ባለቤት ስም ጠርቶ ይጠይቅ፤ መልሱን አንቺ ትሰጫለሽ።

የወረደው ባንዲራ ሙዚየም ሊገባ ነው። ሚስተር ሃምሪክ ትናንት ቤቴ መጥቶ ቁልፌን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ከቁልፉ ጋር ሁለት ወረቀት ነበር። አንደኛው የእኔን ሪፖርት በተመለከተ «የጽሕፈት ስህተት ተፈጥሮ ነበር» ይላል፤ ፈርሚ አለኝ። ሁለተኛው ከባንዲራው ሥር የሚለጠፈው መግለጫ ነው፦ «ቅጂ፣ በ1961 አካባቢ፣ ሠሪው ያልታወቀ።»

«ሠሪዋ እኮ ባለፈው ሰኞ ፊትዎ ቆማ ነበር» አልኩት።

«ማኅበሩ እንዲህ ቢሆን ይሻላል ብሎ ነው። ለሁሉም ሰላም ነው፣ ላትሪስ። አክስትሽም እኮ... ማለቴ፣ እሷም የምትኮራበት ነገር አይደለም።»

መጀመሪያ ከቤት ላስወጣው ነበር። ከዚያ የሰኞውን ቀሚስሽን አሰብኩ፣ ወረቀቱ ላይ ስምሽን ሙሉውን፣ ሳትቸኩይ፣ በግራ እጅሽ ስትጽፊ ታየሽኝ። ስሜን አታንሺ ያልሽኝ ሴት ራስሽ አንስተሽዋል። ስለዚህ ወረቀቶቹን ተቀብዬ መልሴን ከጀርባቸው ጻፍኩለት። ግልባጩ ይኸውልሽ፤ ከመጽሐፍ ቅዱስሽ ውስጥ ካለው ቁጡ ደብዳቤ ጎን አኑሪው፦

«ሚስተር ሃምሪክ፣ ቁልፉን የምቀበለው ሪፖርቴ እንደ ጻፍኩት ሲነበብ ነው። ስሜን ካልጻፍኩት ቃል ሥር አስቀምጦ ‹የጽሕፈት ስህተት› ማለትን አልቀበልም። ‹ሠሪው ያልታወቀ›ን አልቀበልም። የምትታወቅ ናት፤ ኦዜላ ፕሬሎ ትባላለች፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ በግራ እጇ ሰፋችው፣ በደወል በምትጠራበት ቤት። መግለጫው ላይ ይህ ሁሉ ይጻፍ፣ ሻዩም ከነስኳሩ። እኛ በሠራነው ላይ ስማችን ሲጠፋ፣ ባልሠራነው ላይ ስማችን ሲገባ፣ ለሰላም ሲባል ዝም እንድንል የምንጠየቅበትን ቀን ከእንግዲህ አልቀበልም። ከዚህ ፊርማ በላይ ያለው ቃል ሁሉ የእኔ ነው።

ላትሪስ ፕሬሎ»